ማዞሪያው በማን እጅ ነው? የመኪና መስታወት ታሪክ ከጠፍር እስከ ቁልፍ

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ርዕሴ የመኪና መስታወት ነው። አዎ፣ ያ ቁልፉን ጫን ስንለው ዝቅ፣ ሳብ ስናደርገው ከፍ የሚለው፣ ጋራዥ ውስጥ «ፓወር ዊንዶው» የሚሉት። «ምነው መምህር፣ የዓድዋ ታሪክ አልቆ ነው?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አላለቀም። ግን ታሪክ ማለት የነገሥታትና የጦርነት ብቻ አይደለም። በየቀኑ እጃችን የሚነካው ነገር ሁሉ ከአንድ ቦታ ተነስቶ ነው እኛ ጋ የደረሰው። የዚህች መስታወት ታሪክ ደግሞ ሲገላበጥ አንድ ጥያቄ ነው የሚወጣው፦ መስኮቱን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን ነው? ጥያቄው ቀልድ ይመስላል፤ መጨረሻው ላይ ግን የልጆቻችን ሕይወት አለበት። እስከዚያ ድረስ ታገሱኝ።

፩. መስታወት የማያስፈልጋት መኪና

ወደ ሀገራችን የመጀመሪያዋ መኪና የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ የመኪና መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ አቆራርጦ አዲስ አበባ አደረሳት። በዚያው ሰሞን ሆልዝ የሚባል ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ መጥቷል። አፄ ምኒልክም «ይህ የሰይጣን ሥራ ነው» ሳይሉ ራሳቸው ተሳፈሩ። አዲስ ነገር መሞከር የሚወዱ ንጉሥ ነበሩና።

እንግዲህ የዚያ ዘመን መኪና ክፍት ነበር። ሠረገላ ማለት ነው፤ ፈረሱን አውጥተህ ሞተር ያስገባህበት ሠረገላ። አቧራው ፊትህ ላይ፣ ዝናቡ ትከሻህ ላይ። ስለዚህ መስኮት የሚባል ጉዳይ የለም። በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ መጨረሻ እንኳ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት አብዛኞቹ መኪኖች ክፍት ነበሩ፤ ከዚያ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው ነገሩ ተገልብጦ አብዛኞቹ ጣሪያና መስታወት ያላቸው ዝግ መኪኖች የሆኑት።

መኪና ሲዘጋ አዲስ ጣጣ መጣ። ሲሞቅ መክፈት፣ ሲበርድ መዝጋት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መፍትሔ ከባቡር ፉርጎ የተወሰደ ነው፤ መስታወቱ ላይ ጠፍር ይታሰራል። ጠፍሩ ቀዳዳ ቀዳዳ አለው። ጠፍሩን ስትስበው መስታወቱ ከበሩ ሆድ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዳዳውን በሩ ላይ ያለ ችካል ላይ ስታንጠለጥለው እዚያው ይቆማል። ስትለቀው ይወርዳል። በቃ፣ ከቀበቶ ብዙም አይለይም። የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ይገባዋል፤ ጠፍር ለኮርቻም ለቀንበርም ስንጠቀምበት የኖርነው ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ በጠፍሩ ዘመን መስኮቱ የሚከፈተው በአጠገቡ በተቀመጠው ሰው እጅ ነው።

፪. ሁለቱ ማዞሪያዎች

ቀጥሎ የመጣው በእጅ የሚዞረው ማዞሪያ ነው። በሩ ውስጥ ትንሽ ጥርስ አለ፣ እሱ ትልቁን ጥርስ ያዞራል፣ ትልቁ ጥርስ ክንድ ያነሳል፣ ክንዱ መስታወቱን ያነሳል። ዛሬም በየመንገዱ በምናያቸው አሮጌ ፒክአፖችና የጭነት መኪኖች ላይ አለ።

በዚያ ዘመን መኪና ላይ ግን ሌላም ማዞሪያ ነበር። አባቶቻችን «ማኑቬላ» የሚሉት፣ ከፊት ለፊት ተሰክቶ ሞተሩን የሚያስነሳው ብረት። ቃሉ የጣሊያን ነው። (መቼም የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ የጣሊያን ነው፤ ፍሪሲዮኑ፣ ኮፈኑ፣ ካቻቢቴው፣ ክሪኩ፣ ጎሚኒው። ጣሊያን በአምስት ዓመት ሲወጣ ቃላቱን ሳይወስድ ነው የሄደው።) ማኑቬላ ደግሞ አደገኛ ነበር፤ ሞተሩ ወደኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ። እኛ «ሞተሪኖ» የምንለው ማለት ነው።

ይህ ከመስታወት ጋር ምን አገናኘው? ብዙ። ሞተሪኖ እንዲኖር ጠንካራ ባትሪና ባትሪውን የሚሞላ ዲናሞ መኖር አለበት። ባትሪና ዲናሞ አንዴ መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ ሌላው ሁሉ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ መብራቱ፣ ጥሩምባው፣ ዝናብ መጥረጊያው፣ በመጨረሻም መስታወቱ። ያንዱ ማዞሪያ ሞት የሌላውን ሞት አመጣ ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

፫. በ1933 ዓ.ም. ሁለት ዓለም

አሁን ወደ እኛው አካባቢ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1940 መገባደጃ ማለትም በ1933 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ፓካርድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሀብታሞች በሚሸጠው «180» በተባለው መኪናው ላይ በእጅ የማይዞር መስታወት ይዞ ብቅ አለ። ቁልፍ ትጫናለህ፣ መስታወቱ በራሱ ይወጣል። ፎርድም ወዲያው በሊንከን ሊሙዚኖቹ ተከተለ።

በዚያው በ1933 ዓ.ም. እዚህ ምን እየተደረገ ነበር? ጥር 12 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው በኦሜድላ በኩል የሀገራቸውን መሬት ረገጡ። ከዚያ ወደ በላያ ተራራ፣ ከበላያ ወደ ጎጃም ደጋ። የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦርና አርበኞቻችን አብረው ነበሩ። የጭነት መኪና ያንን ቆላ ማለፍ አቃተው፤ ጓዙን የተሸከሙት ግመሎች ነበሩ፣ እነሱም በየመንገዱ በብዛት አለቁ። ጣሊያን ዳንግላን ለቅቆ ወደ ባሕር ዳር ያፈገፈገው በዚያው ሰሞን ነው። የእኛ የአገው አባቶች ደግሞ ገና ዓመት ሳይሞላው፣ በ1932 ዓ.ም.፣ ዓድዋ ላይ ከጀግኖች ጋር የዋለውን ፈረስ እንዘክር ብለው የፈረሰኞች ማኅበር መሥርተው ነበር። ዛሬም ጥር 23 በመጣ ቁጥር እንጅባራ ላይ የምናየው ጉግስና ሽርጥ የዚያ ማኅበር ነው። ሚያዝያ 27 ንጉሡ አዲስ አበባ ሲገቡ እሳቸው በመኪና፣ ዊንጌት በፈረስ ነበር።

ይህን የማነሳው «ፈረንጅ የት ደርሶ እኛ የት ነበርን» ብዬ ለማሳቀቅ አይደለም። እሱ ዓይነቱን ወሬ ፌስቡክ ላይ ጠግበነዋል። የማነሳው አንድ ነገር ለማሳየት ነው፦ ይህች ቁልፍ ስትወለድ የተወለደችው ለምቾት ነው፤ ያውም ለጥቂት ባለጸጎች ምቾት። የድካም ማቃለያ ሆና ለሁሉም ሰው የመጣች አልነበረችም። ለሁሉም ሰው ስትደርስ ደግሞ መመሪያዋ አብሯት አልመጣም።

የመጀመሪያዎቹ የፓካርድ መስታወቶች ኤሌክትሪክ ብቻውን አልነበረም የሚያንቀሳቅሳቸው። የሚገፋቸው የፈሳሽ ግፊት ነው፤ ልክ የፍሬን ዘይት ፍሬኑን እንደሚገፋው። አንድ ፓምፕ ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ወደየበሩ ይልካል። ለምን እንዲህ ሆነ? በየበሩ ሆድ ውስጥ የሚገባ ትንሽ፣ ግን ጉልበተኛ ሞተር ማግኘት ያኔ ቀላል ስላልነበረ ነው። ችግሩ ፈሳሹ ያንጠባጥባል፤ ሲያንጠባጥብ ደግሞ ወንበሩንና የበሩን ቀለም ያበላሻል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንደ ክራይስለር ኢምፔሪያል ያሉ መኪኖች በየበሩ የራሱ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው መስታወት ይዘው መጡ። የአሜሪካ መኪኖች ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ባትሪ የተሸጋገሩትም በዚያው አሥር ዓመት ነው። ቱቦና ፈሳሽ ቀርቶ ሽቦ ብቻ ሆነ። ዛሬ እኛ የምናውቀው ይህኛውን ነው።

፬. በሩ ሆድ ውስጥ ምን አለ?

አሁን የመምህርነቴን ልሥራ። ኢንጂነር አይደለሁም፤ ግን ይህ ነገር የፊዚክስ መጽሐፋችን ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ተማሪዎች የኤሌክትሪክ ሞተር ትምህርት ሲደርስ ይሰለቻሉ። የግራ እጅ ሕግ ተብሎ ሦስት ጣት ቀስሮ መቆም፣ ምን ይሠራል? አንድ ጊዜ ከጋራዥ የተጣለ የመስታወት ሞተርና አንድ አሮጌ ባትሪ ለምኜ ክፍል ይዤ ገባሁ። ሁለቱን ሽቦ ከባትሪው ጋር ሳገናኝ ሞተሩ ወደ ቀኝ ዞረ። ከዚያ አንዱን ልጅ «ሽቦዎቹን አቀያይራቸው» አልኩት። አቀያየራቸው፤ ሞተሩ ወደ ግራ ዞረ። ከኋላ ወንበር አንዷ «እንዴ ቲቸር፣ መስታወቱ የሚወጣውና የሚወርደው በዚህ ብቻ ነው?» አለች። አዎ፣ በዚህ ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ይኸውላችሁ።

ሀ) ቁልፉ። ቁልፉ ሥራው ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን ማቀያየር ነው። ሳትነካው ስታስቀምጠው የሞተሩ ሁለቱም ሽቦዎች ከኔጋቲቭ ጋር ናቸው፤ ስለዚህ ምንም አይንቀሳቀስም። ወደ ላይ ስትል አንደኛው ሽቦ 12 ቮልት ያገኛል፤ ወደ ታች ስትል ሌላኛው። ሞተሩ አንድ ነው፣ አቅጣጫውን የሚወስነው የኤሌክትሪኩ አገባብ ነው።

ለ) ሞተሩና ጠመዝማዛው ጥርስ። ሞተሩ ትንሽ ነው፣ በደቂቃ በሺዎች ጊዜ ይዞራል፣ ጉልበት ግን የለውም። ስለዚህ ጫፉ ላይ እንደ ብሎን ጥምዝ ያለ ጥርስ አለው፣ «ዎርም ጊር» ይሉታል። ይህ ጥምዝ ብዙ ጊዜ ሲዞር የሚነካው ትልቁ ጥርስ አንዴ ብቻ ይዞራል። ፍጥነት ቀንሶ ጉልበት ጨመረ ማለት ነው። ሌላም ብልሃት አለው፦ ሞተሩ ጥርሱን ያዞራል እንጂ ጥርሱ ሞተሩን ማዞር አይችልም። ክሪክን አስቡት። ክሪኩን እያዞራችሁ መኪናውን ታነሳላችሁ፤ መኪናው ግን በክብደቱ ክሪኩን መልሶ አያዞረውም። መስታወቱን በእጃችሁ ወደ ታች ብትጫኑት የማይወርደው ለዚህ ነው። ሌባ እንኳ በቀላሉ አይገፋውም።

ሐ) ተሸካሚው። ጋራዥ «ሬጉሌተር» ይሉታል። ሁለት ዓይነት በብዛት አለ። አንደኛው እንደ መቀስ የተቆላለፈ ክንድ ነው፤ ሲከፈት መስታወቱን ያነሳል። ሁለተኛው የሽቦ ገመድ ነው፤ እንደ ብስክሌት ፍሬን ሽቦ ያለ፣ በፑሊ ላይ የሚጠመጠም። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ይህኛው ነው ያለው፣ ቀላል ስለሆነ። ጉዳቱ ሽቦው ሲያረጅ ይበጠሳል፣ ወይም የያዘው ፕላስቲክ ይሰበራል።

መ) ጠባቂው። መስታወቱ ጫፍ ደርሶ አንተ ቁልፉን ካለቀቅክ ሞተሩ መዞር ስለማይችል ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ይግላል። እንዳይቃጠል ውስጡ ሲግል የሚያቋርጥ መከላከያ አለ። ስለዚህ ልጆች ሲጫወቱበት ቆይቶ «ተበላሸ» የተባለ መስታወት፣ ትንሽ ሲበርድለት ራሱ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ብር ከማውጣታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ስጡት።

ይህን ካወቃችሁ ጋራዥ ስትሄዱ በጨለማ አትሄዱም። ሞተሩ ድምፅ እያሰማ መስታወቱ ካልተንቀሳቀሰ፣ ሞተሩ ደህና ነው፤ ሽቦው ወይም ክንዱ ነው። ምንም ድምፅ ከሌለ ፊውዙን፣ ቁልፉን፣ ከዚያ ሞተሩን። እያቃሰተ በዝግታ የሚወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፤ መስታወቱ የሚሄድበት ጎሚኒ በአቧራና በጭቃ ተሞልቶ ነው፣ ወይም ባትሪው ደክሟል። በጋ ላይ አቧራ፣ ክረምት ላይ ጭቃ ለማያጣን ለእኛ ይህ የዘወትር ችግር ነው። ጎሚኒውን በእርጥብ ጨርቅ ማጽዳት በቂ ነው፤ የሞተር ዘይት ወይም ግሪስ ግን አትቀቡት፣ ጎማውን ያበላሸዋል። ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ደግሞ በአንድ ጊዜ ጫን ሙሉ ለሙሉ ይዘጋ የነበረ መስታወት አልዘጋ ቢል አትደንግጡ። በብዙ መኪኖች ላይ መስታወቱን እስከ ላይ ዘግቶ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ መቆየት ነው፤ ልኩን እንደገና ይማራል።

፭. የንጉሡ የመጨረሻ መኪና

ወደ ታሪኩ እንመለስ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸው ተነገራቸውና ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ብዙ ዘመናዊ ሊሙዚን የነበራቸው ንጉሥ፣ በዚያ ቀን የፊቱ ወንበር ታጥፎላቸው ከኋላ ገቡ።

ሁልጊዜ ይህ ሲተረክ የመኪናዋ ትንሽነትና ርካሽነት ነው የሚነሳው። እኔ ግን ሁሌም መስታወቷ ነው የሚታየኝ። ቮልስ ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ከፊት ያሉት ሁለት መስታወቶች በእጅ እየተዞሩ ይወርዳሉ። የኋለኛው የጎን መስታወት ግን እንደ ፊተኛው የሚወርድ አይደለም፣ ማዞሪያም የለውም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው፣ ንጉሥም ሆነ ተራ ሰው፣ አየር ቢፈልግ ከፊት ያለውን መለመን ነው። ለአርባ አራት ዓመት በሀገሪቱ ላይ በሩን ሁሉ ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩ ሰው መጨረሻ ላይ የተቀመጡት መስኮቱን ሌላ ሰው በሚከፍትበት ወንበር ላይ ነው። ሥልጣን ከሰው እጅ ሲወጣ በትልልቁ ነገር ብቻ አይደለም የሚታየው።

፮. ላዳና «እስቲ ማዞሪያዋን አቀብለኝ»

ከደርግ ዘመን በኋላም ያለው ትውልድ የአዲስ አበባን ላዳ ታክሲ ያውቃታል። ሰማያዊና ነጭ። በሮቿ ላይ አራት ማዞሪያ መኖር ነበረበት፤ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ግን አንድ ነው። የቀሩት ወልቀዋል። ያቺ አንዷ ደግሞ ሹፌሩ ጋ ናት። ሲሞቅህ «ወንድሜ፣ እስቲ ማዞሪያዋን አቀብለኝ» ትላለህ። ከዳሽቦርድ ላይ አንስቶ ይሰጥሃል፤ ትሰካለህ፣ ታወርዳለህ፣ ትመልሳለህ። አንዳንዱ ሹፌር ደግሞ «ሰብረህብኝ እንዳትሄድ» ብሎ እያየህ ነው የሚሰጥህ።

ስንስቅበት የኖርነው ነገር ቢሆንም፣ ልብ ብላችሁ እዩት፤ ላዳዋ ሳታውቀው የዘመናዊውን መኪና አሠራር ቀድማ ሠርታዋለች። ምክንያቱም ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ያደረገው ይህንኑ ነው። ማዞሪያውን ከየበሩ ነቅሎ ሹፌሩ ጋ ሰበሰበው። ሹፌሩ በር ላይ አራት ቁልፍ አለ፤ ሁሉንም መስታወት ከዚያ ያዛል። አጠገቡ አምስተኛ ቁልፍ አለ፤ እሷን ከተጫናት የሌሎቹ በሮች ቁልፍ ሁሉ ይሞታል። በብዙ አሮጌ መኪኖች ሽቦው ራሱ የተዘረጋው እንዲህ ነው፤ የተሳፋሪው ቁልፍ መስመሩ በሹፌሩ ቁልፍ በኩል ያልፋል። የኋላ በር ቁልፍ አልሠራ ሲላችሁ አንዳንዴ ጥፋቱ ሹፌሩ በር ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጉዞውን እዩት፤ በጠፍሩ ዘመን መስኮቱ የአጠገቡ ሰው ነበር። በእጅ ማዞሪያውም ጊዜ እንዲሁ። በኤሌክትሪኩ ዘመን መስኮቱ የሹፌሩ ሆነ። ሹፌር ማለት አሁን መሪና ፍሬን ብቻ የያዘ ሰው አይደለም፤ የአራት ሰው አየርና የአራት ሰው ጣት በእጁ ነው። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለዚች ዓረፍተ ነገር ነው።

፯. የቁልፉ ጥፋት

ኤሌክትሪክ የሚያዝን እጅ የለውም። በእጃችን የምናዞረው ማዞሪያ የሆነ ነገር ሲይዘው ይከብደናል፣ እናቆማለን። ሞተሩ ግን መስታወቱ የያዘው ጎሚኒ ይሁን የሕፃን አንገት አይለይም፤ የታዘዘውን ይገፋል። በውጭው ዓለም በዚህ ምክንያት ሕፃናት ሞተዋል። ብዙውን ጊዜ የሆነው እንዲህ ነው፦ ልጁ መኪና ውስጥ ቀርቷል፣ አንገቱን በመስኮት አውጥቷል፣ በጉልበቱ በሩ ላይ ተደግፏል። ጉልበቱ ያረፈው ቁልፉ ላይ ነው።

ሕግ የመጣው ከዚህ ኀዘን በኋላ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ መስታወቱ ቁልፍ ከተነቀለ በኋላ እንዳይሠራ የሚያስገድድ ደንብ አወጣች። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ መስታወቱን ለመዝጋት ቁልፉ ወደ ላይ መሳብ ያለበት እንዲሆን አዘዘች፤ ምክንያቱም ጉልበት መጫን ይችላል እንጂ መሳብ አይችልም። ጥቂት የምትመስል ለውጥ ናት፤ ግን የልጅ ሕይወት ነው ያለባት።

በአዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ሌላም አለ። ሞተሩ ውስጥ ዙሩን የሚቆጥር ትንሽ መሣሪያ ተገጥሟል። መስታወቱ እየወጣ ሳለ ዙሩ በድንገት ከዘገየ «የሆነ ነገር ያዝኩ» ብሎ ራሱ ይመለሳል። ዓለም አቀፉ መለኪያ የግፊቱ ኃይል ከ100 ኒውተን ከማለፉ በፊት እንዲመለስ ነው፤ ይህም በግምት የ10 ኪሎ ክብደት ማለት ነው። አስተውሉ ግን፤ ይህ ያለው ሁሉም መኪና ላይ አይደለም፤ ባለበትም ቢሆን ብዙ ጊዜ ሹፌሩ መስታወት ላይ ብቻ ይሆናል። ወደ እኛ ሲገባ የኖረው መኪና ደግሞ አብዛኛው ያገለገለ ነው። ስለዚህ «አዲሱ መኪና ይመለሳል» የሚል ወሬ ሰምታችሁ የልጅ ጣት እንዳትሞክሩበት! መሞከር ካማራችሁ የተጠቀለለ ወረቀት ወይም የበቆሎ ቆረቆንዳ አስገቡበት።

መኪና ላላችሁ፣ ሹፌር ለሆናችሁ፣ የሰው መኪና ለምትይዙ ወዳጆቼ፣ ከዚህ ሁሉ ታሪክ አራት ነገር ብቻ ውሰዱ፦

1. ዛሬውኑ የቁልፋችሁን ዓይነት እዩ። ተጭነው የሚዘጉት ከሆነ ከልጅ ጋር ስትሄዱ ሁለት ጊዜ ተጠንቀቁ።

2. ልጅ ከኋላ ካለ መቆለፊያዋን ቁልፍ ተጫኑ። እሷ ለጌጥ አይደለም የተሠራችው።

3. ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ልጅ መኪና ውስጥ ትታችሁ አትውረዱ። መስታወት ሁሉ የተዘጋ መኪና ፀሐይ ላይ በአጭር ጊዜ ምድጃ ይሆናል።

4. ክረምት ላይ ይህችን አትርሱ። መኪና ጎርፍ ወይም ወንዝ ውስጥ ከገባ በሩን ከውሃው ግፊት ጋር ታግሎ መክፈት ያስቸግራል። መጀመሪያ ቀበቶ መፍታት፣ ወዲያው መስታወት ማውረድ፣ ልጆችን አስቀድሞ በመስኮት መውጣት። ኤሌክትሪኩ ብዙ ጊዜ ውሃ እንደነካው አይሞትም፤ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ጊዜ ይሠራል። ያችን ጊዜ ስልክ በመደወል አታጥፏት። ውሃው መስታወቱ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ማውረዱ እጅግ ከባድ ይሆናል። የጎን መስታወት በሾለ ብረት ጥጉ አካባቢ ሲመታ ይረግፋል፤ የፊቱ ግን ሁለት መስታወት በመሐሉ ላስቲክ ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ አይረግፍም፣ በሱ ላይ ጉልበት አትጨርሱ።

፰. «ብርድ ይመታኛል» እና መጪው ጊዜ

የኛ ሀገር የመስኮት ታሪክ ስጽፍ የቅጥቅጡን ጸብ ሳላነሳ ብጨርስ ታዝቡኛላችሁ። ከኮሶበር ዳንግላ ያለውን መንገድ በሕዝብ ማመላለሻ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። መኪናው ሞልቷል፣ መሐል ላይ አንድ ሰው ያስላል፣ አንዱ መስኮት ከፈት ያደርጋል። ወዲያው ከኋላ «ኧረ ዝጉት፣ ብርድ ይመታኛል!» ይመጣል። ከከፈተውና ከሚዘጋው መሐል ጸቡ እስከ መናኸሪያ ይደርሳል። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በሀገራችን ከተገኘ በኋላ «መስኮት ክፈቱ» የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ሲመጣ፣ ለአጭር ጊዜ ከፋቾቹ አሸንፈው ነበር። ወረርሽኙ ቀለል ሲል ሁሉም ወደ ድሮው ተመለሰ። ሳንባ ነቀርሳ ግን ኮሮናን ጠብቆ የመጣ አይደለም፣ ከኮሮናም ጋር አልሄደም። እማማ፣ አባባ፣ ነጠላችሁን ተከናነቡና ትንሽ አየር ይግባ፤ በእናንተ ሞት።

እዚህ ላይ አንድ ጥሩ ነገር አለ። በቅጥቅጡ መስኮት ገና የሚወሰነው በንግግር ነው። መስኮቱ በእጅ ተንሸራታች ነው፤ አጠገቡ የተቀመጠው ይከፍተዋል፣ ሌላው ይቃወማል፣ ረዳቱ ይዳኛል። አሰልቺ ነው፤ ግን የሁሉም ነው።

መጪው ግን ወደዚያኛው እያዘነበለ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በየከተማው በዝተዋል። እነዚህ ላይ መስታወቱ ብቻ ሳይሆን በአንዳንዶቹ የበሩ እጀታም በኤሌክትሪክ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ትልቁ ባትሪ መኪናውን ይንዳ እንጂ መስታወቱንና የበሩን ቁልፍ የሚያሠራው ብዙ ጊዜ ሌላ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ ነው። እሱ ከሞተ ትልቁ ሞልቶም መስታወቱ አይወርድም። ለዚህ ተብሎ ከውስጥ በእጅ የሚከፈት መጠባበቂያ የተሠራላቸው አሉ፤ የት እንዳለ ግን የመኪናው ባለቤት እንኳ ላያውቅ ይችላል። እንዲህ ዓይነት መኪና ውስጥ ስትሳፈሩ «ባትሪ ቢሞት በሩ በምን ይከፈታል?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ባለመኪናውም ካላወቀ አብራችሁ ፈልጉት፤ መፈለጊያው ሰዓት ቆማችሁ ሳላችሁ ነው።

ተማሪዎቼም ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ የሞተሩ ምዕራፍ ሲደርስ እንዳትሰለቹ። የሦስቱ ጣት ሕግ ፈተና ላይ ሁለት ማርክ ነው፤ መኪና ውስጥ ግን የሰው ጣት ነው።

ካነበባችሁ አይቀር መኪና ላለው ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት፤ በተለይ ትንንሽ ልጆች ላሉት። የጋራዥ ባለሙያዎች ደግሞ የምትጨምሩት ካለ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

ሰላም ሁኑ። ከጥርባ።